የተኳሿ የአሥር ቀን ፈቃድ

ላውንደሪ ቤት ውስጥ እናቷ ያወጣችላትን ስም የሚያስታውስ ሰው የለም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከመስኮቱ ሥር ባለው ረጅም ጠረጴዛ ላይ ካውያ ስትገፋ የኖረች ናትና፣ ከሥራ አስኪያጁ እስከ አጣቢዎቹ ድረስ «ተኳሿ» ነው የሚሏት። ሸሚዝ ሲሰጧት መጀመሪያ ኮሌታውን፣ ቀጥሎ እጅጌውን፣ መጨረሻ ላይ ጀርባውን ታስተኛለች። ሱሪ ከሆነ የድሮ መስመሩን በጥፍሯ ፈልጋ ታገኝና እንፋሎቱን ትለቅበታለች። እሷ የተኮሰችው ልብስ ዝንብ ያዳልጣል እያሉ ይቀልዳሉ። እሷም ፈገግ ትላለች እንጂ ብዙ አታወራም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አብሮ አደጓ ደወለችላት። ሁለቱ ግድግዳ ተጋርተው ያደጉ፣ አንዷ ስትገረፍ ሌላዋ የምታለቅስ ዓይነት ጓደኛሞች ነበሩ። ተኳሿ ሥራ ፍለጋ ወደ ትልቁ ከተማ መጣች፤ አብሮ አደጓ እዚያው ያደጉበት ሰፈር ቀርታ መድኃኒት ቤት ያለው ሰው አገባችና ሁለት ልጆች ወለደች። ከዚያ ወዲህ በዓመት ሁለቴ በስልክ ደህንነት መጠያየቅ ነው የቀራቸው። የዚያን ቀን ግን አብሮ አደጓ ሌላ ወሬ ይዛ መጣች። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልጆቹን ይዘው ትልቁን ከተማ ሊያሳዩዋቸው ነው፤ አንቺ ጋ ብናርፍ እናስቸግርሽ ይሆን ወይ ብላ ጠየቀቻት።

«ቤት ለእንግዳ ጠቦ ያውቃል እንዴ?» አለቻት ተኳሿ። ቤቷ አራተኛ ፎቅ ላይ ያለች አንዲት መኝታ ክፍልና ሦስት ሰው ከቆመባት የምትጨናነቅ ሳሎን ናት።

በማግስቱ ሥራ አስኪያጁን የአሥር ቀን ፈቃድ ጠየቀችው። ሰውየው መነጽሩን አውልቆ አያት። ፈቃድ ወስዳ አታውቅምና ታመምሽ እንዴ አላት። «እንግዳ ይመጣልኛል» አለችው። ይመጣብኛል አላለችም፤ ይመጣልኛል ነው ያለችው።

ከዚያ በኋላ እግሯ አላረፈም። አልጋዋን ለባልና ሚስቱ ለቀቀች። ከታች ከሚኖሩት ጡረተኛ ነርስ ለልጆቹ ሁለት ፍራሽ ተዋሰች፤ ለራሷ ሶፋው ይበቃታል። አንድ እሁድ ብቻዋን አውቶቡስ ይዛ እንስሳት ማቆያው ድረስ ሄደች፤ ልጆቹን ይዛ ስትሄድ የት እንደሚወረድ እንዳይጠፋባት ነው። በር ላይ ደርሳ ሳትገባ ተመለሰች። አንበሳውንም ዝንጀሮውንም ከእነሱ ጋር አየዋለሁ ብላ።

እንግዶቹ መጡ። ባልየው ቁጥብ፣ ጨዋ ሰው ነው። ትልቁ ልጅ ስምንት ዓመቱ ሲሆን ራሱን ከአዋቂዎቹ ጋር የቆጠረ ነው። ትንሿ አምስት ዓመቷ ነው፤ ጢኖ ይሏታል። አብሮ አደጓ መናኸሪያው መሃል ሻንጣዋን ጥላ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች። ሁለቱም ወፍረዋል፤ እሱን እያነሱ ቤት እስኪደርሱ ሳቁ።

ራት ሲበሉ ጢኖ ቀና ብላ «አክስቴ፣ ሥራሽ ምንድን ነው?» አለቻት።

«ተኳሽ ነኝ።»

ልጅቱ ማንኪያዋን አስቀመጠች። «ጠመንጃሽስ የት አለ?»

ወንድሟ ዝም በይ፣ ሚስጥር ይሆናል ብሎ በክርኑ ጎሸማት። ባልየው ሳይቀር ውሃው ትን እስኪለው ሳቀ። ተኳሿ ያን ሌሊት ሶፋው ላይ ተጣጥፋ የአራት ሰው ትንፋሽ እየሰማች እንቅልፍ ወሰዳት።

በነጋታው ጠዋት የባልየው የአጎት ልጅ መኪናውን አምጥቶ ከበር ላይ ጥሩምባ ነፋ። ሚስቱም አብራው አለች። ባልና ሚስቱና ሁለቱ ልጆች ሲጨመሩ መኪናው ሞላ። አብሮ አደጓ ልጆቹን እናቅፍና ጠጋ ጠጋ እንበል አለች፤ የአጎቱ ልጅ ግን መኪናውን አየት አድርጎ ትራፊክ ይይዘናል አለ። ተኳሿ ፈጥና «ሂዱ ሂዱ፣ እኔ ከተማውን መች አጣሁት» አለች። ወደ ላይ ወጥታ ለስድስት ሰው የሚበቃ ምሳ ሠራች። እነሱ ምሳም ራትም በልተው፣ ልጆቹ በየትከሻው ላይ ተኝተው ሲመሽ ገቡ።

ሦስተኛውም ቀን እንደዚሁ ሆነ። አራተኛው ቀን ማታ ልጁ ስለ አንበሳው አገሳስ ሲያወራላት ነው እንስሳት ማቆያው መሄዳቸውን ያወቀችው። አዎ፣ ትልቅ ነው አይደል አለችው። ያልተነካውን ድስት ይዛ ወደ ነርሷ ወረደች። አሮጊቷ ክዳኑን ከፍተው አዩና «እንግዶችሽ ጾመኞች ናቸው?» አሏት። ተኳሿ ድስቱን ምድጃቸው ላይ አስቀመጠችላቸው።

በአምስተኛው ቀን ጢኖ ጆሮዋን አመማት። ትኩሳትም ነካ ነካ አደረጋት። አባቷ ጠብታ ጨመረላትና ለክፉ አይሰጥም አለ። ችግሩ የአጎቱ ልጅ ቤት ዘመድ አዝማዱ ሁሉ ለምሳ ተጠርቶ እየጠበቃቸው መሆኑ ነው። እናትየው ቦርሳዋን አንዴ እያነሳች አንዴ እያስቀመጠች በር ላይ ስትዋልል ተኳሿ ከእኔ ጋር ትዋል አለች። ድምፅዋ ደስታዋን እንዳያጋልጥባት ወደ ወጥ ቤት ዞር ብላ ነው የተናገረችው።

ጢኖ እስከ ረፋድ ተኛች። ስትነሳ ትኩሳቱ በረድ ብሎላት ነበር። ሾርባ ጠጣችና አሁንስ ጠመንጃውን አሳዪኝ አለች። ተኳሿ ካውያዋን ከመደርደሪያ አወረደች። «ይኸውልሽ። የሚገለው ጭምድድን ብቻ ነው።»

ለሙከራ የልጅቱን ቀሚስ ተኮሱ። ከዚያ የወንድሟን ሸሚዝ፣ ከዚያ የአባቷን ሱሪ፤ ሻንጣው ውስጥ አንድም ጨርቅ አልቀራቸውም። ጢኖ ወንበር ላይ ቆማ ውሃ ትረጫለች፣ ተኳሿ ትተኩሳለች። የረጠበ ጨርቅ ሽታ ቤቱን ሞላው። ተኳሿ ያን ቀን የዓመት ወሬዋን አወራች። አጣቢዎቹ ኪስ ሳይፈትሹ አጥበው ስንት የፍቅር ደብዳቤ እንዳሟሙ፣ አንድ ሙሽራ የሌላ ሰው ኮት ለብሶ እንዴት እንደተዳረ ነገረቻት። ልጅቱ የደብዳቤው ባለቤቶች አለቀሱ ወይ ብላ ጠየቀች። ማን ያውቃል አለቻት።

ጢኖ ትንሽ አሰበችና «እኛ ሳንመጣ ከማን ጋር ነው የምታወሪው?» አለች።

«ከሬዲዮ ጋር።»

«ይመልስልሻል?»

«አይመልስም። እኔንም ግን አይጠይቀኝም።»

ልጅቱ ይህ ጥሩ ይሁን መጥፎ አልገባትም መሰለኝ፣ ውሃውን መርጨቷን ቀጠለች። ከሰዓት በኋላ ያልታመመው ጆሮዋ በተኳሿ ጭን ላይ ሆኖ እንቅልፍ ወሰዳት። ተኳሿ እግሯ ደንዝዞ ጉንዳን የሚሄድበት እስኪመስላት ድረስ አልተነቃነቀችም።

እናትየው ስትመለስ ተደርድሮ የተቀመጠውን ልብስ አይታ አፏን ያዘች። ምነው፣ እረፍት ላይ ሆነሽ ደግሞ ሥራ፣ አለቻት። ያኔ ተኳሿ በሆዷ ይዛው የቆየችው ቃል አመለጣት።

«ፈቃድ የወሰድኩት አንቺን ላይሽ ብዬ ነው።»

አብሮ አደጓ ፊቷ ተለዋወጠ። በስድስተኛው ቀን ባሏንና ልጆቿን ከመኪናው ጋር ሸኝታ እሷ ቀረች። ሁለቱ ሴቶች ሶፋው ላይ ሻይ ይዘው ተቀመጡ። የሰፈራቸውን ሰዎች አንድ በአንድ አነሷቸው፤ እገሌ ሞተ፣ እገሊት አርጅታ ሰው አትለይም። ሙታኑ ሲያልቁ ወሬውም አለቀ። አብሮ አደጓ ስልኳን አየች፣ አስቀመጠችው፣ መልሳ አየችው። ተኳሿ ሻይ ልጨምርልሽ አለች። ጨመረችላት።

ቆይታ ቆይታ አብሮ አደጓ ጫማዋን አወለቀችና እግሯን ሶፋው ላይ አጠፈች። «እውነቱን ልንገርሽ» አለች። «የእሱ ዘመዶች ጋ እደሩ ብለው ለምነውን ነበር፤ እኔ ነኝ እምቢ ያልኩት። እዚያ ሲስቁ መሳቅ፣ ሲነሱ መነሳት ነው። አንቺ ቤት ግን ሰው ያለበት አይመስለኝም። ያሳርፈኛል።»

ያለችው ለምስጋና ነው። ተኳሿም ለምስጋና እንደሆነ ገብቷታል። ቤትሽ ነው አለቻትና የሻዩን ብርጭቆ ይዛ ተነሳች። የወጥ ቤቱን ቧንቧ ከፍታ ከሚገባው በላይ አቆየችው። ተመልሳ ስትመጣ አብሮ አደጓ ሶፋው ላይ እንቅልፍ ጥሏታል፤ ነጠላ ጫማዋ አንዱ ተገልብጧል። እንዳትቀሰቅሳት ጫማውን በቀስታ አስተካከለችላትና ብርድ ልብስ ደረበችላት። ፊት ለፊቷ ተቀምጣ እስክትነቃ ጠበቀቻት።

በሰባተኛው ቀን መናኸሪያ ድረስ ሸኘቻቸው። ፍራሾቹን ለነርሷ መለሰች፣ አንሶላዎቹን አጠበች፣ ወለሉን ወለወለች። ስምንተኛውን ቀን እንደምንም አሳለፈች። ዘጠነኛው ቀን ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሽርጧን አስራ ጠረጴዛዋ ላይ ቆመች። ሥራ አስኪያጁ ፈቃድሽ መች አለቀ አላት። ቤት ውስጥ ሥራ የለም አለችው። ሰውየው ሦስት ሸሚዝ አቀበላት።

ዓመቱ ዞሮ ትምህርት ቤት ሲዘጋ አብሮ አደጓ በድጋሚ ደወለች። ዘንድሮ የሚያርፉት የባሏ የአጎት ልጅ ጋ ነው፤ አዲስ ክፍል ሠርቷል፣ ለልጆቹም ሰፋ ይላል፤ አንቺንም እንዳናስቸግር፣ ግን መጥተን እናይሻለን አለቻት። ደግ አደረጋችሁ አለች ተኳሿ። የሁለት ሰዓት ፈቃድ ጠየቀች።

እንዳሉትም መጡ። ልጁ ቁመቱ ጨምሯል። ጢኖ የፊት ጥርሷ ወልቋል፤ ከእናቷ ቀሚስ ጀርባ ተደብቃ አልወጣም አለች። «አክስትሽን ረሳሻት እንዴ?» አሏት። ልጅቱ ተኳሿን አየቻት፣ ማየቷን ቀጠለች፣ ከዚያ አንገቷን ነቀነቀች፤ ረሳሁ ማለቷ ይሁን አልረሳሁም ማለቷ አልለየም። ተኳሿ ልጅ ነች፣ ተዉአት አለች። ሻይ ጠጡ። ገና ብርጭቆው ሳይነሳ ከታች የመኪናው ጥሩምባ ተሰማ።

እስከ መንገዱ ወርዳ ሸኘቻቸው። መኪናው ማዕዘኑን እስኪዞር እጇን አወዛወዘች። ሰዓቷን ስታይ ከፈቃዷ ላይ ሃምሳ ደቂቃ ተርፏታል። ወደ ላይ ብትወጣ የምታጥበው አምስት ብርጭቆ ብቻ ነው። መንገዱን ተሻግራ ወደ ሥራዋ ሄደች።