የአጎቴ ጠመንጃ የሰደፍ ቆዳ

በአጎቴ አርባ ዕለት መቻራ ባለው ቤታቸው ሚስታቸው በሩ አጠገብ፣ ልጃቸው አልጋው ራስጌ፣ እኔ መስኮቱ ጋ ቆመን ነበር። ልጃቸው ከስሩ ባለው እጀታ የሚቀባበለውን አሮጌ ጠመንጃቸውን ከግድግዳው አወረደ። ሰደፉ የለበሰው ቆዳ ስፌቱ የኔ ነው።

አጎቴ ክረምቱ ሲወጣ ቆዳውን ብቻ ጠቅልለው ጭሮ ቤቴ ድረስ ያመጡት ነበር።

"አንቺ ልጅ፣ ስፌትሽ ዘንድሮም ለቀቀ" ይሉኛል።

ክሩ በምላጭ የተቆረጠ መሆኑን አያለሁ፤ መርፌዬን አነሳለሁ። እስክሰፋው አጠገቤ ተቀምጠው ይጫወታሉ። በዚህ ዕድሜዬ "አንቺ ልጅ" የሚለኝ ሌላ ሰው አልነበረም።

ልጃቸው ቆዳውን ዳሰሰና፣ "እትዬ፣ ከእንግዲህ በዚህ አናስቸግርዎትም። ስፌቱ ከለቀቀ እዚሁ በስፌት መኪና አሰፋዋለሁ" አለኝ።

"እሺ ልጄ" አልኩት።

ሚስታቸውን ተሰናብቼ ወጣሁ።