ባዶ ሆኖ የወጣው ሳህን

ከኮምቦልቻ የወሰዱኝ የፊዚክስ ክፍለ ጊዜዬን ሳልጨርስ ነው። «ለአጭር ጥያቄ ነው» አሉኝ፤ ጠመኔው ኪሴ ውስጥ እንዳለ ደሴ ገባሁ። የታሰርኩበት ክፍል ጠባብ፣ ሲሚንቶው ቀዝቃዛ ነበር፤ ስድስት ሰዎች ግድግዳ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ከመካከላቸው አንድ ሽማግሌ፣ የገራዶ ገበሬ፣ ምንም ሳይጠይቁኝ የምንጣፋቸውን ግማሽ ለቀቁልኝ።

ጠያቂ ክልክል ነው፤ ደብዳቤም ክልክል ነው። ቤተሰብ በር ላይ ስንቅ ይሰጣል፣ ሳህኑ ተመልሶ ይወጣል፤ በቃ። ሽማግሌው ደግሞ «ጥፋቴ ሳይነገረኝ አልቀምስም» ብለው ሦስት ቀን ሙሉ ምግቡን እንደመጣ መልሰውታል።

በአራተኛው ቀን ስንቁን ያስገባው ጠባቂ፣ «ባለቤትዎ ትናንት ሳህኑን አቅፈው እያለቀሱ ሄዱ» አላቸው።

«ምን አስለቀሳት?» አሉ ግራ ገብቷቸው።

መምህር ነኝና ሳላስተምር አላድርም። «አባባ፣ መንኩራኩር ከሕዋ ስትመለስ በፍጥነቷ የተነሳ ፊቷ ያለው አየር ይግላል። ግሎ ግሎ ፕላዝማ የሚባል፣ ኤሌክትሪክ ያዘለ ጋዝ ይሆናል። እሱ ሲከባት ሬዲዮ አያሳልፍም። ውስጥ ያሉት ደህና ናቸው። ምድር ላይ የሚጠብቁት ግን ለደቂቃዎች ምንም አይሰሙም፤ ይኑሩ ይሙቱ አያውቁም።»

ሽማግሌው የመጣላቸውን ሳህን ትክ ብለው አዩት። «ወላሂ፣ እነዚህን ያሰሩኝን የቀጣሁ መስሎኝ የቀጣሁት እሷን ነው!»

«እኛ እንብላውና ባዶውን ይላኩት» አለ አንዱ።

«ሳልበላ በልቻለሁ ልበላት? ሐራም ነው!»

እጃቸውን ታጥበው፣ «ቢስሚላህ» ብለው በሉ፤ እኛንም አጎረሱን። ከዚያ ከመጠጥ ውሃቸው ቀንሰው ሳህኑን አጠቡና በሁለት እጃቸው ለጠባቂው ሰጡት።

«ጥፋቴን ግን ነገም እጠይቃለሁ» አሉት።

ብዙም ሳይቆይ ከግቢው በር የሴት እልልታ ተሰማ። አንድ ሰው ሲቆጣ ሰማን፤ እልልታው ተደገመ። ሽማግሌው «አልሐምዱሊላህ» እያሉ አለቀሱ። እኛም አለቀስን፤ አላፍርበትም።

ዛሬ ሁለታችንም ተፈትተናል፤ እኔም ኮምቦልቻ ማስተማሬን ቀጥያለሁ። እዚያ ያለፈው ጊዜዬ ያንገበግበኛል፤ እሳቸውን ስላገኘሁበት ግን አመሰግናለሁ። በቅርቡ ከእሳቸው ጋር የምንደዋወልበት ስልኬ ተበላሽቶ ሁለት ቀን ዝግ ነበር። በሦስተኛው ቀን የትምህርት ቤቱ ዘበኛ «እንግዳ አለህ» ብሎ ጠራኝ። ሽማግሌው ከባለቤታቸው ጋር ከገራዶ መጥተው በር ላይ ቆመዋል፤ እሳቸው ላብ በላብ ሆነዋል፣ ባለቤታቸው ስንቅ ይዘዋል።

«በልተሃል?» አሉኝ ሽማግሌው።