እንግሊዙ «ቴማቲክ» ያለው ፉከራ

እንግሊዞች ጣሊያንን ሊያስወጡ ከአርበኞቻችን ጋር ጎጃም በገቡበት ሰሞን አስተርጓሚ ነበርኩ። ደብረ ማርቆስ አጠገብ አንድ ሽማግሌ አርበኛ ሲፎክሩ የሰማ እንግሊዝ መኮንን «ቴማቲክ ነው» አለ። እንግሊዝኛ አውቃለሁ ባይ ነኝ፤ ይህን ቃል ግን ሰምቼው አላውቅም።

«ምን አለ? ሰደበኝ እንዴ?» አሉ ሽማግሌው ጠመንጃቸውን ሳብ አድርገው።

ቶሎ መኮንኑን ጠየቅኩት። «ከግሪክ የመጣ ቃል ነው፤ ሥሩ የተቀመጠ ነገር ማለት ነው። ዛሬ በአንድ ጉዳይ ዙሪያ ለሚሄድ ነገር እንጠቀምበታለን» አለኝ። ተረጎምኩላቸው።

ሽማግሌው ሳቁ። «እውነቱን ነው! አምስት ዓመት ሙሉ የፎከርኩት አገሬን ልቀቅ እያልኩ ነው። ጣሊያን ሲወጣ እናንተም ካልወጣችሁ ፉከራው ያው ነው በለው። አንተ የከተማ ልጅ፣ አንድ ቃል እንዳታስቀር!»

ደረቴን ነፍቼ፣ አንድም ሳላስቀር ነገርኩት።