ጆሮው ላይ ክር የታሰረበት ድስት

ሰቆጣ ካለው ቤቴ ግድግዳ ላይ አንድ ፎቶ ተሰቅሏል። የልጅ ልጆቼ ሲገቡ ሲወጡ ያዩታል፤ በቀደም ግን ታሪኩን ካልነገሩን አንለቅዎትም ብለው ከበቡኝ። «እርስዎ ያውሩት፣ እኛ እንጽፈዋለን» አሉ። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ዕድሜዬን ሙሉ የቆጠርኩት ልቃቂት ነው። ይሁን፣ ጻፉ አልኳቸው።

ፎቶው ላይ ባንዲራ ይዛ የምትስቀው የሴት ልጄ ልጅ ናት። ልጄም ባሏም እዚሁ ሰቆጣ የተወለዱ ናቸው። እሱ መጀመሪያ በዓረብ አገር በኩል ወጣ፤ ኋላ ወደ አንድ ብርዳም አገር ተሻገረና እሷንም ወሰዳት። ልጅቷ እዚያ ተወለደች። እኔ ብቀርም አርፌ የተቀመጥኩ እንዳይመስላችሁ። እግሬ አንድ ቦታ አይረጋም። ጥጥ እፈትላለሁ፤ ፈትሌን በአህያ ጭኜ አንዴ ኒሯቅ፣ አንዴ ጽጽቃ፣ አንዴ ደሃና እላለሁ። ገበያው ሰበብ ነው፣ የምወደው ሰው መጠየቅ ነው። ስልክ ከመጣ ወዲህ ደግሞ ልጄ ድምጿን ትልክልኛለች፣ እኔም በድምፄ እመልስላታለሁ። እንደኔ ላለች ማንበብ ለማትችል ሴት ይህን የሰጠ ጌታ ምስጋና ይድረሰው።

አንድ ቀን የልጄ ድምፅ ተሰብሮ መጣ። ከባሏ ጋር ተጣልተዋል። የሚኖሩበት አገር ነጻ የወጣበት ቀን ሊከበር ነው፤ የትምህርት ቤቱ ልጆች ተሰልፈው ሲወጡ ባንዲራውን ከፊት እንድትይዝ መምህሯ የነሱን ልጅ መርጣታለች። አባትየው አይሆንም አለ። የእስላም ዒዱ ሁለት ነው፣ ሦስተኛው ከየት መጣ፣ ይላል። ሰልፉ ሲያልቅ ቢራ ይጠጣል፣ የአሳማ ሥጋና ሌላው ሥጋ ባንድ ላይ ይጠበሳል፤ ዛሬ ባንዲራ ያስያዝኳትን ልጅ ነገ በምን ቃል ከልክያት ልመልሳት ነው፣ ይላል። ልጄ ደግሞ መጠጊያ ሲጠፋን ያስጠጋን አገር ደስ ሲለው ፊታችንን ብናዞር ምን ዓይነት ሰዎች ነን፣ ትላለች። ጉዳዩ የነሱ ቤት ብቻም አልነበረም። መስጊዳቸው ለሁለት ተከፍሎ፣ ከሶላት በኋላ ጫማቸውን እያጠለቁ ይከራከራሉ፤ ሰላምታ የተነፋፈጉም ነበሩ። በመጨረሻ እርስዎ ምን ይላሉ ብላ ጠየቀችኝ።

እኛ አገር ነጻ የወጣንበት ቀን የሚባል በዓል አናውቅም። ዋግ ውስጥ ሕዝብ ባንዲራ ይዞ ተሰልፎ ሲዘምር ያየሁት ታቦት ሲወጣ ነው። ስለዚህ ይህም ታቦት የሚሸኙበት ቀናቸው ነው ብዬ ደመደምኩ። አልጠየቅኩም። ድምፁን እንኳ ደግሜ አልሰማሁትም። «ታቦቱን ባለታቦቶቹ ይሸኙት፤ ልጅቷ ቤቷ ትዋል» ብዬ ላክሁ።

አማቼ ያችን ድምፄን ለወዳጆቹ ሁሉ አሰማ አሉ። ቀለም ያልቆጠሩት አማቴ የገባቸው ነገር እናንተን እንዴት አልገባችሁም፣ እያለ። ልጄ ከዚያ ወዲያ ድምፅ መላክ ተወች።

በሦስተኛው ቀን ወደ ኒሯቅ ስወርድ፣ ኔትወርክ የሚይዝበት ጉብታ ላይ አህያዬን አቁሜ ስልኬን ከፈትሁ። የልጅቷ ድምፅ ነው። አማርኛዋ አዲስ ጫማ እንዳደረገ ሰው ያነክሳል።

«እምዬ፣ ታቦት የለም። ባንዲራ ብቻ ነው። መምህሬ እኔን አለች። እርስዎ ለምን እምቢ አሉ?»

ቀጥሎ የሚሰማው አፍንጫዋን ስትስብ ነው።

እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ። አባቷስ ለሃይማኖቱ ፈርቶ ነው የከለከላት፤ ያንን እረዳለሁ። እኔ ግን ባላየሁት፣ ባልጠየቅኩት ነገር ፈርጄ ነው ልጅ ያስለቀስኩ። ገበያውን ተውኩት፤ አህያዋንም ከነፈትሏ መለስኳት። ዳገቱን ስወጣ ሳስብ ሳስብ ትዝ ያለኝ አንድ ድስት ነው።

በወጣትነቴ ግድግዳ የምንጋራ አንዲት ክርስቲያን ጎረቤት ነበረችን። ባሏ ሞቶባት ልጇን ብቻዋን ነው ያሳደገች። ያችን ልጅ ስትድር ባለቤቴ ሠርጉ ላይ አልገኝም አለ። በዚያ ሰሞን ያለፈ አንድ እንግዳ፣ የክርስቲያን ድግስ ላይ መቀመጥ ደግ አይደለም ብሎት ነበር። ጎረቤታችን ይህን ሰምታ ኖሮ፣ በዋዜማው ጠዋት ፍየል በገመድ እየጎተተች ደጃችን መጣች። በሌላ እጇ ድስት ይዛለች፤ የድስቱ ጆሮ ላይ ቀይ ክር ታስሯል።

«በራስህ ቢላ፣ በራስህ ቢስሚላህ እረዳት» አለችው ገመዱን እያቀበለችው። «ድስቱንም የኛ ሰው እንዳይነካው ክር አስሬበታለሁ። ልጄን በትከሻህ ተሸክመህ አሳድገህ፣ አሁን ስትዳር ልትደበቃት ነው? ያ ሰውዬ እጅ መንሻ እንዳይጠየቅ ጠፋ ትልሃለች።»

ባለቤቴ ሳቁ አመለጠው። አረደ፤ እኔና እህቱ ወጡን በዚያ ድስት ሠራን፤ ሄድን። የዳሱ አንድ ጥግ ለእስላም ተለይቶ ነበር። ለነሱ ጠላ ሲቀዳ ለኛ የማያሰክረው ቀሪቦ ተቀዳ። ቄሱ ለጸሎት ሲነሱ ወጥተን ዛፍ ሥር ተቀመጥን፤ ሲጨርሱ ተመልሰን ገባን። ስንወጣ የተቀየመን የለም፣ ስንመለስ የታዘበን የለም። በኛ ዒድም እነሱ እንዲሁ ነበሩ። ያ ድስት ከዚያ በኋላ ጎረቤታችን ቤት ለብቻው ተሰቅሎ ኖረ፤ ክሩ ባረጀ ቁጥር ቀያሪዋ እኔ ነበርኩ።

ቤቴ እንደደረስኩ ይህን ሁሉ ለአማቼ በድምፄ አወራሁለት። መጨረሻ ላይ ያልኩትን እስከ ዛሬ አስታውሰዋለሁ።

«ልጄ፣ ሳልጠይቅ ፈርጃለሁና ቃሌን መልስልኝ፤ ላሰማሃቸውም ይህንን አሰማልኝ። ሃይማኖትህን አጥብቀህ መያዝህ ደስታዬ ነው። እኛም አልለቀቅንም። ግን ከጎረቤት ደስታ አልሸሸንም፣ ድስታችንን ይዘን ሄድን እንጂ። መጠጡ መጥቶ መውጫው ሲደርስ ልጅህን ይዘህ ውጣ። ውሳኔው ያንተ ነው፤ አባቷ አንተ ነህ።»

አልመለሰልኝም። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ ሳምንት። ተቆጥቷል ብዬ በየሶላቴ ዱዓ አደረግሁ። ከዚያ ይህ ፎቶ መጣ። ልጅቷ ሂጃብ አድርጋ፣ ከቁመቷ የሚበልጥ ባንዲራ ይዛ፣ የፊት ጥርሶቿ ወልቀው ትስቃለች። አጠገቧ ጠረጴዛ ላይ ድስት አለ፤ ጆሮው ላይ ቀይ ክር። ልጄም በድምጿ፣ ባሏ በአፉ ይሁን እንዳላለ፣ ግን ዝግጅቱን አይቶ እንዳልከለከለ፣ በዕለቱም በማለዳ ምንም ሳይናገር ከቤት እንደወጣ ነገረችኝ፤ የቀረውን ኔትወርኩ ቆረጠብኝ። ድስቱን የያዘችው፣ ክሩንም ያሰረችው ልጄ መሰለችኝ። ያለኝን ምርቃት ሁሉ አወረድሁላት። መልሷ ሳይደርሰኝ ግን መንገዱም ስልኩም የተዘጋበት ያ ክፉ የጦርነት ጊዜ መጣ። አለፈ፤ አልሐምዱሊላህ። ስልኩ ሲከፈት እኛ ስንላቀስ፣ በሕይወት ያለውን ስንጠያየቅ፣ የድስት ወሬ የሚያነሳ አልነበረም።

አምና ልጅቷ አድጋ፣ ቁመቷ ከኔ በልጦ፣ ልትጠይቀኝ መጣች። አማርኛዋ አሁንም ትንሽ ያነክሳል። ፎቶው ፊት ቆማ አይታ አይታ፣ ስለ ድስቱ እናቷን እንዴት እንደመረቅኋት ስነግራት ሳቀች።

ለካ አባቷ ያን ማለዳ የወጣው ከከተማው ዳር ካለ ከብት አርቢ ዘንድ በግ ሊያርድ ነበር። ወጡንም የሠራው ራሱ ነው፣ በጓደኛው ቤት። ሰልፉ ሲደርስ ድስቱን ታቅፎ መንገድ ዳር ቆሞ ጠበቃት፤ ጎረቤቶቹን ከዚያው ድስት አበላ፤ ቢራው ሲከፈት ልጁን በትከሻው ተሸክሞ ወደ ቤት ገባ። ቀይ ክር ፈልጎ ሲያጣም፣ እኔ ፈትዬ ለሠርጉ ካሠራሁለት ጋቢ ጥለት ላይ መዝዞ ነው ያሰረው።