የምሳ ሳይረን

የሥራ ባልደረቦቿ «ሥጋት» ይሏታል። ስሟ አይደለም፤ ግብሯ ነው። የጎርፍ መከላከያውን ግድብ በር የምትከፍተውና የምትዘጋው እሷ ናት፤ ተቀምጣ ግን አታውቅም። ውሃው ፀጥ ባለበት ቀን እንኳ ከመስኮቱ ወደ መቆጣጠሪያው፣ ከመቆጣጠሪያው ወደ መስኮቱ ትመላለሳለች። «አንቺ ሴትዮ፣ ወለሉን ጨረስሽው እኮ» ይላታል ኃላፊዋ። «ሳይቃጠል በቅጠል ነው» ትላለች፣ ሳትቆም።

ከግድቡ በታች፣ ደርቆ በሚከርመው ወንዝ ውስጥ፣ ታናሽ ወንድሟ ከሠራተኞቹ ጋር አሸዋ ያወጣል። ሐሙስ ሐሙስ እኩለ ቀን ላይ፣ ውሃ ሊለቀቅ ሲል የሚያስጠነቅቀው ሳይረን ለሙከራ ይጮኻል። የሙከራውም የእውነቱም ድምፅ አንድ ነው። አሸዋ አውጪዎቹ የምሳ ደወል አድርገውታል፤ ሲጮኽ አካፋቸውን ጥለው እዚያው ቁጭ። አንድ ቀን ቢዘገይባቸው ወንድሟ ደውሎ፣ «እታለም፣ በረሃብ ልትፈጁን ነው?» አላት። ቢሮው በሙሉ ሲስቅ እሷ ብቻ አልሳቀችም። እያሳሳቀ የሚወስደውን ውሃ ታውቀዋለች።

አንድ ሐሙስ፣ ከላይ አገር የጣለው ዝናብ ግድቡን አፉ ድረስ ሞላው። በሩ ካልተከፈተ ውሃው በአናቱ ሊፈስ ነው፤ ያን ጊዜ የታችኛው ከተማ አለቀለት። ሳይረኑን አስጮኸችው። እኩለ ቀን ሆኖ ነበር። ወንዙን በሚያሳየው ካሜራ ስታይ ወንድሟ አካፋውን አስቀምጦ ምሳውን ፈታ። ስልኩን አነሳች።

«ውጡ፣ ውሃ ልለቅ ነው።»

«ሰምተናል እታለም፣ ምሳ ላይ ነን።»

«ሙከራ አይደለም።»

«እዚህ እኮ ጠብ ያለ ነገር የለም። አንቺ ደግሞ መሥጋት ልማድሽ ነው።»

«ስማኝ። ብትወጣም ባትወጣም እከፍተዋለሁ።»

ይህን ድምፅዋን ከልጅነቱ ያውቀዋል። ከዚያ ሰዎቹን በጩኸት ሲያስነሳ አየችው። የመጨረሻው ሰው ዳር እንደ ወጣ በሩን ከፈተች። ውሃው አካፋውንም፣ ምሳውንም፣ ወንድሟ እንደ ልጁ የሚያያትን አሮጌ የጭነት መኪናም ይዞ ሄደ።

ስለዚያች መኪና እስከ ዛሬ አኩርፏታል። ሥራውን ግን አልተወም። ሐሙስ ሲደርስ ይደውልና፣ «የዛሬው ሙከራ ነው ወይስ የእውነት?» ይላታል። መጀመሪያ ላይ ትነግረው ነበር፤ ሙከራ ነው ስትለው ካለበት ንቅንቅ አይልም። አሁን አትነግረውም። «ወጥተህ እይ» ብላ ትዘጋበታለች።

እየተራገመ ይወጣል። ዳር ላይ ቆሞ ወደ ካሜራው እጁን ያወናጭፋል። ሥጋት ያን ጊዜ ወንበር ስባ ትቀመጣለች።