ከሐይቅ የመጣው ሞተርና የፀጉር ቤቱ መስታወት

አየር ጤና ላይ ከሚኒባስ ጣሪያ የማይወርድ ነገር የለም። ፍራሽ ይወርዳል፣ በግ ይወርዳል፣ አንዴ ሙሉ ቁም ሳጥን ሲወርድ አይቻለሁ። የጀልባ ሞተር ሲወርድ ያየሁት ግን ያን ቀን ብቻ ነው። በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ፣ በገመድ ታስሮ፣ ሁለት ሰዎች ተሸክመውት ወደ እኛ ሥራ ቤት ሲያቀኑ መንገደኛው ሬሳ መስሎት ቆሞ አሳለፋቸው።

ሥራ ቤቱ የአባቴ ነው። እሱ በር፣ መስኮትና የውሃ ታንከር ማቆሚያ ይበይዳል፤ እኔ ከኋላ ባለችው አሮጌ ቶርኖ ብረት እቀርጻለሁ። ሞተሩን ያመጡት የአባቴ የወጣትነት ጓደኛ ናቸው። ዝዋይ ሐይቅ ላይ በጀልባ ሰው ያመላልሳሉ። ሰላምታ ስንለዋወጥ ዓይኔ ሸሚዛቸው ላይ አረፈ፤ ከደረቱ ሦስት ቁልፎች አንዱም አልተቆለፈም። ማየቴን አዩና ፈገግ አሉ።

«እጄ ነው ልጄ። ቀኑን ሙሉ የሚንቀጠቀጥ መሪ ይዤ እውላለሁ፤ ከዚያ በኋላ ጣቶቼ የእኔ አይደሉም። የምትቆልፍልኝ ሚስቴ ናት። ዛሬ ማልጄ ስወጣ አልቀሰቀስኳትም።»

«እና ምን ይሁንልህ?» አለ አባቴ።

«መንቀጥቀጡን አቁሙልኝ። ካልሆነ ጀልባዋን ለአማቼ ሰጥቼ እኔ ደጅ ቁጭ ብዬ ፀሐይ መሞቅ ነው።»

እንደ ቀልድ ነበር ያሉት፤ እኔ ግን እንደ ቀልድ አልሰማሁትም። ሞተሩን ትተው አስኮ እህታቸው ዘንድ ሄዱ፤ በሦስተኛው ቀን ሊመለሱ።

እኔ ደግሞ ነገር ካልፈታሁ እንቅልፍ አይወስደኝም። በልጅነቴ የፈታሁትን ሬዲዮ እናቴ ዛሬም ድረስ ትቆጥርብኛለች። ሞተሩን ጠረጴዛ ላይ አስሬ ዞርኩት። ከላይ ሞተሩ፣ ከታች ውሃ የሚገፋው ባለ ሦስት ክንፍ ማራገቢያ፣ መሐል ላይ የጀልባዋን ጀርባ ነክሶ የሚይዘው ማያዣ። የገረመኝ መላ አካሉ የሚንቀሳቀስ መሆኑ ነው። መኪና ሲታጠፍ ጎማው ይዞራል እንጂ ሞተሩ ከቦታው አይነቃነቅም፤ ይሄ ግን መሪውን ስገፋው ከነማራገቢያው ይዞራል። ከታች ገፋ ሳደርገው ደግሞ ማጠፊያው ላይ ዘንበል ብሎ እግሩን ወደ ላይ ያነሳል። በሞተሩና በማያዣው መካከል አራት ትናንሽ የጎማ ቁራጮች አሉ፤ አርጅተው ተጨፍልቀዋል።

አባቴ «የሚወላወል ነገር በሽተኛ ነው» ይላል። በር ሠርቶ ሲጨርስ ራሱ ካልተንጠለጠለበት አያስረክብም። እኔም የእሱ ልጅ ነኝ። ጎማዎቹን አውጥቼ በልካቸው አራት የሚያብረቀርቁ ብረቶች ቀረጽኩ። ማጠፊያውም የላላ መሰለኝና በስቼ በወፍራም ብሎን ጠረቀምኩት። ሠሪዎቹ ለምን ጎማ አደረጉበት የሚል ሐሳብ ሽው ብሎብኝ ነበር። ብረት ተወዶባቸው ይሆናል ብዬ አለፍኩት።

በሦስተኛው ቀን ባለጀልባው ሲመጡ በርሜል ሞልተን ጠበቅናቸው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር በርሜል ሙሉ ውሃ ለሞተር መስጠት ጎረቤት ያስቀይማል፤ እኛም አስቀይመናል። ሞተሩን በሲሚንቶ ከተተከለ ማቆሚያ ላይ አሰርነውና ገመዱን ሳብኩ። ጩኸቱ ቤቱን ሞላው። ግማሹ ውሃ ወጥቶ አባቴ ላይ ፈሰሰ። ሞተሩ ግን ቀጥ ብሎ ቆመ።

«አየህ?» ጮኸ አባቴ፣ ውሃው ከአገጩ እየተንጠባጠበ። «ንቅንቅ አይልም!»

ባለጀልባው ቀርበው መሪውን ያዙ። ይሄኔ በቆርቆሮ ግድግዳ ብቻ የምንለያየው ፀጉር አስተካካይ የፀጉር መቁረጫ ቶንዶዙን እንደያዘ በሩን በርግዶ ገባ።

«ኧረ በመድኃኔዓለም! መስታወቴ ሊወድቅ ነው! የሰው ፂም ግማሽ ላይ ትቼ መጣሁ እኮ!»

ሞተሩን አጠፋሁ። ለካ መንቀጥቀጡ አልጠፋም። በእነዚያ በሚያማምሩ ብረቶቼ አልፎ፣ በማቆሚያው ወርዶ፣ በሲሚንቶው ዞሮ ፀጉር ቤት ገብቷል። ባለጀልባው እጃቸውን ከመሪው አንስተው ያዩታል። ጣቶቻቸው ይርገበገባሉ።

«ባሰው» አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ ሞተሩን ከታች ይዘው ሊያነሱት ሞከሩ። «ይሄስ ለምን እምቢ አለ?»

«ላልቶ ነበር፤ አጠበቅሁት» አልኩ።

«ልጄ፣ ዳር ላይ ውሃው ጉልበት አይደርስም፤ ድንጋይ ደግሞ ሞልቷል። ሲመታ እግሩን ካላነሳ ወይ ማራገቢያው ይሰበራል፣ ወይ የጀልባዋ ጀርባ ይገነጠላል። ሰው ጭኜ ነው እኮ የምሄደው።»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። እሳቸው አልተቆጡኝም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ብርድ ልብሱን ከጥግ አንስተው ያራግፉት ጀመር። «ግድ የለም። አማቼ ወጣት ነው፣ ይችለዋል።»

ፀጉር አስተካካዩ አልሄደም። «ጋሼ፣ እጅዎን ይደነዝዝዎታል? እኔንም ይሄ ነገር ጨርሶኝ ነበር» ብሎ ቶንዶዙን አሳያቸው። መያዣው ላይ ጥቁር ጎማ ተጠምጥሞበታል። «ከመነዳሪ ነው፣ መኪና ጎማ ውስጥ አየር የሚሞላው። ይሄን ከጠቀለልኩበት ወዲህ ስላጭ ብውል እጄ ምንም አይል።»

«ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው!» አለ አባቴ። «ሂድ ፂምህን ጨርስ!»

እኔ ግን ቶንዶዙን ነጥቄው ነበር። አስነስቼ ጫፉን በባዶ ብረቱ በኩል ያዝኩት፤ እስከ ክርኔ ወጋኝ። ጎማው ላይ ያዝኩት፤ ሩቅ ያለ ዝንብ ሆነ። ጎማው መንቀጥቀጡን አልከለከለውም፤ መሐል ላይ ሆኖ እየተለጠጠና እየተጨመቀ ይበላዋል። እኔ በላተኛውን አባርሬ መንገድ ጠርጌለት ነበር!

«አባባ፣ እሱ ልክ ነው» አልኩ። አባቴን በሰው ፊት ተቃውሜው አላውቅም። እርጥብ ሸሚዙን እያራገፈ አየኝ፣ ከዚያ ዞር አለ።

ባለጀልባውን እንዲጠብቁን ለመንኳቸው። ብሎኑን አውጥቼ ማጠፊያውን ነጻ አደረግሁት። ጎማ ከሚጠግነው ጎሚስታ አሮጌ ከመነዳሪ አምጥቼ እየደራረብኩ አራት ጎማ ሠራሁ። መጀመሪያ ወፍራም አደረግሁት፤ ሞተሩ እንደ ሰካራም ተወዛወዘ። ቀጭን ሳደርገው ከግድግዳው ማዶ «መጣ! መጣ!» የሚል ጩኸት ተሰማ። ከዚያ ወዲያ መለኪያዬ የፀጉር ቤቱ መስታወት ሆነ። ሦስተኛውን ስሞክር ጎማ የሚቆርጥ ቢላ ድምፅ ሰማሁና ዞር አልኩ። አባቴ ነው፤ መነጽሩን አድርጎ፣ የሚወላወል ነገር በትዕግሥት እየቆረጠ። ያልተቆረጠውን ከመነዳሪ ወደ እሱ ገፋሁለት።

በአራተኛው ሙከራ ከማዶ ምንም አልተሰማም። ደንግጬ ግድግዳውን ደበደብኩ።

«ኧረ ሰውዬ! ምን አለ?»

«እንዴ፣ አስነሳችሁት እንዴ?» አለኝ።

ባለጀልባው መሪውን ረጅም ጊዜ ይዘው ቆዩ። «ይሄ ገና በርሜል ነው» አሉ። «እስቲ ሐይቁ ይናገር።» ሞተሩን በብርድ ልብሱ ጠቅልለው ሄዱ።

የማያውቁት አገር አይናፍቅም ይባላል፤ እኔን ግን በዚያ ሰሞን ያላየሁት ሐይቅ ናፈቀኝ። ከወር በኋላ ሳላስፈቅድ ሄድኩ። ባለጀልባው ሳቁብኝና ከጠዋት ጀምሮ አብሬያቸው እንድውል ፈቀዱልኝ፤ መሪውንም አስያዙኝ። ወደ ቀኝ ልሂድ ብዬ ወደ ቀኝ ስገፋው ጀልባዋ ወደ ግራ ሄደች፤ ተሳፋሪው ሁሉ ተንጫጫ። ዳር ልንደርስ ስንል ከሥር አንድ ነገር ጓ አለ። ሞተሩ እግሩን ከውሃው አወጣ፣ በአየር ላይ ጮኸ፣ ተመልሶም ቁጭ አለ። እኔ አንገቴን አዙሬ አፈጠጥኩበት። እሳቸው ዞር ብለው እንኳ አላዩትም።

የመጨረሻዎቹ ተሳፋሪዎች ሲወርዱ ነፋሱ በረድ አለ። እሳቸው ሞተሩን አንስተው ቆለፉት፣ ከዚያ እጃቸው ወደ ደረታቸው ሄደ። የሸሚዛቸውን የታችኛውን ቁልፍ ቆለፉ። ከፍ ብለው ሁለተኛውን ቆለፉ፣ ቀስ ብለው፣ ግን ቆለፉ። እኔ ገመድ የምጠቀልል መስዬ አያለሁ። ሦስተኛው አንገታቸው ሥር ያለው ነው፤ አዳለጣቸው፣ ደገሙት፣ አሁንም አዳለጣቸው። ልነሣ ስል በእጃቸው መለሱኝ።

«ይቺን ለሚስቴ ልተዋት» አሉ። «እሷም ሥራ አትፍታ።»