ያልጻፉት ሰዎች ጽሑፍ

ልብስ ሰፊዋ አርፋ መቀመጥ አይሆንላትም። የስፌት መኪናዋን ትረግጣለች፣ ታቆማለች፣ ስልኳን ታያለች። በቴሌግራም የምትመራው የጸሐፊዎች ቡድን ሁለት ሺህ አባላት አሉት፤ ለዚህ ወር የአጭር ልብወለድ ውድድር የገባው ጽሑፍ ግን ሦስት ብቻ ነው። ከሦስቱ ሁለቱ ደግሞ የአንድ ሰው ናቸው።

“የልብ ምልክት መላክ ላይ ማን ብሏቸው!” አለች ንዴቷ ገንፍሎ።

“ተያቸው እባክሽ፣ እጅጌውን ጨርሺ” አላት ከኋላዋ ቁልፍ የሚተክለው ባሏ፣ ቀና እንኳ ሳይል።

መች ትሰማና! “ለምን አልተወዳደራችሁም? እውነቱን ንገሩኝ” ብላ ቡድኑ ላይ ለቀቀችው።

ምላሹ ጎረፈ። አንዲት ነርስ ለመጻፍ በተቀመጠች ቁጥር ስለሚጠሯት በሽተኞች ሦስት ገጽ ጻፈች። አንድ ሹፌር መሪ ይዞ በልቡ ስለጻፋቸው፣ ከመኪናው ሲወርድ ግን ስለሚጠፉበት ታሪኮች ተረከ። ሰፊዋ ብድግ ቁጭ እያለች አነበበች። ሰበቡ ከገቡት ታሪኮች ሁሉ በለጠባት።

“በቃ፣ የዚህ ወር ውድድር ይኸው ነው፤ ሰበባችሁን አወዳድራለሁ!” ብላ አወጀች።

ከሰዓት በኋላ የገባው ጽሑፍ ሰባ አንድ ደረሰ። የመጨረሻውን የላከው፣ ከዚያ በፊት አንድም ቃል ተናግሮ የማያውቅ “ክር” የሚባል አባል ነበር።

“ሁለት ሺህ ሰው ስትለምን በየቀኑ እሰማታለሁ። ከኋላዋ ተቀምጬ ቁልፍ ስተክል የምውለውን እኔን ግን አንድ ቀን እንኳ ‘አንተስ?’ ብላኝ አታውቅም።”

እግሯ መርገጫው ላይ እንዳለ ቀረ። ያቺ አርፋ መቀመጥ የማይሆንላት ሴት፣ ዞር ብላ ለማየት አቅም አጣች።